ኔታ ለሄክተር የመረጠችው ዊስኪ

ኔታ ስሊተር ሠላሳ አራት ዓመት ሙሉ የዊስኪ ጠርሙስ ላይ ሌብል ስትለጥፍ ኖራ፣ አንድ ጠብታ ቀምሳ አታውቅም። ይህን ሰው ነግሮኝ አይደለም። አሥራ ሰባቱን ዓመት አጠገቧ ቆሜ ስለሠራሁ ነው። እሷ የፊቱን ትለጥፋለች፣ እኔ የጀርባውን። ብዙውን ጠርሙስ ማሽኑ ነው የሚለጥፈው። ማሽኑ የማይችላቸው፣ ቅርጻቸው ወጣ ያለ ጠርሙሶች ግን ወደ እኛ ጠረጴዛ ይመጣሉ።

ኔታ የባሕር ጠረፍ ሰው ናት። አባቷ ፖርትስኬር በምትባል የዓሣ አጥማጆች መንደር ከሰኞ እስከ ቅዳሜ ዓሣ ያጠምዱ ነበር፣ እሁድ ደግሞ በትንሿ የጸሎት አዳራሽ ይሰብኩ ነበር። ስብከታቸው ሁሌም ስለ መጠጥ ነው። ኔታ ሥራ ፍለጋ ወደኛ የዊስኪ አገር ወደ ስፔይ ሸለቆ ልትመጣ ስትል አባቷ ሦስት ቀን አሰቡበትና፣ "መንካት ኃጢአት አይደለም፣ መቅመስ ነው ኃጢአቱ" ብለው ለቀቋት። እሷም ቃሏን ጠብቃ ነካች እንጂ አልቀመሰችም።

ዓይኗ ግን ዓይን አይደለም፣ ሚዛን ነው። ሌብል አንድ ሚሊሜትር ዘንበል ካለ ጥርሱን እንዳመመው ሰው ፊቷ ይጨማደዳል። ሥራ ቦታ ብቻ ቢሆን ጥሩ ነበር። አንድ ቀን ቤቴ መጥታ ውሃ ላመጣላት ጓዳ ገብቼ ስመለስ፣ የማርማላታ ብልቃጤን በእርጥብ ጨርቅ ታሻለች።

"ምን እያደረግሽ ነው?"

"ምንም። ዘንበል ብሎ ነበር።"

"እኔ እኮ ነኝ የለጠፍኩት።"

"አውቃለሁ" አለች፣ በሐዘን።

እንዲህ ዓይነት ሰው ናት። ክፉ አይደለችም።

ታዲያ ባለፈው ዓመት የኔታ ሴት ልጅ ሾና፣ ሮሪ ስትሮናክ ከሚባል ልጅ ጋር ልትጋባ ሆነ። ልጁ ጨዋ ነው፣ በዚህ ችግር የለም። ችግሩ አባቱ ናቸው። ሽማግሌው ሄክተር ስትሮናክ አርባ አንድ ዓመት በዊስኪ መጋዘን በርሜል ሲያንከባልሉ የኖሩ ሰው ናቸው። በከተማችን ስለ ዊስኪ ሄክተር አንድ ነገር ካሉ ቄሱም ዝም ይላል። ሠርጉ ደግሞ የሚሆነው በፖርትስኬር፣ የኔታ አባት ይሰብኩበት በነበረው አዳራሽ ነው። እዚያ አዳራሽ መጠጥ አይገባም። ቢገባ እንኳ የኔታ እናት አሉ። ዘጠና አንድ ዓመታቸው ነው፣ በሩ ጋ ወንበር አስቀምጠው የሰው ቦርሳ ይፈትሻሉ። ስለዚህ ሠርጉ በሻይ ነው።

ሄክተር ይህን ሲሰሙ አንድ ነገር ብቻ ተናገሩ፣ "በሻይ የተጋባ በሻይ ይፋታል። እኔ አልሄድም።"

ሮሪ ደግሞ አባቴ ከሌለ ሠርጉ ይቆይ አለ። ሾና ስልክ ደውላ ለእናቷ አለቀሰች። በማግስቱ ኔታ ሥራ ቦታ አንድ ሌብል አጣማ ለጠፈች። በአሥራ ሰባት ዓመት ውስጥ የመጀመሪያው ነው። ጠርሙሱን አየሁት፣ እሷን አየኋት፣ ከዚያ ሌብሉን ልጬ ጠርሙሱን ሰጠኋት።

"ቤታቸው እሄዳለሁ" አለች። "ራሴ ሄጄ እጠራቸዋለሁ። እምቢ ካሉም ፊት ለፊቴ ይበሉ።"

"ባዶ እጅሽን?"

"ባዶ እጄንማ አልሄድም። ዊስኪ ይዤ ነው የምሄደው። የሥራቸው ጠላት አለመሆኔን ይወቁልኝ።"

ለሄክተር ዊስኪ መውሰድ ለንብ ማር እንደ መውሰድ ነው። ሳሎናቸው ውስጥ ከግድግዳ እስከ ግድግዳ የሚደርስ ባለ መስታወት ብፌ አለ፣ ውስጡ በሙሉ ዊስኪ ነው። ለጡረታቸው የተሰጣቸው፣ ለልደታቸው የተሰጣቸው፣ የወንድማቸው ልጅ ከሩቅ አገር ያመጣላቸው። አንዱም ተከፍቶ አያውቅም። ሰው ስጦታ ሲያመጣላቸው ጠርሙሱን ወደ ብርሃን ከፍ ያደርጉና፣ "ይሄ የሚጠጣ አይደለም፣ የሚቀመጥ ነው" ብለው ያስገቡታል፣ ይቆልፉታል። ራሳቸው የሚጠጡት ከሱፐርማርኬቱ የታችኛው መደርደሪያ ላይ ያለውን ርካሽ ነው። አቧራውን የሚጠርጉት ሚስታቸው ኤፊ ናቸው። ስለዚህ ሄክተርን የሚያስደስት ዊስኪ እንዲሁ ጥሩ ዊስኪ አይደለም። እሳቸው ዘንድ የሌለ ዊስኪ ነው።

ቅዳሜ ጠዋት ዱጋል ሱቅ ሄድን። ኔታ እኔን ይዛኝ የሄደችው፣ "አንቺ ትጠጫለሽ፣ ታውቂያለሽ" ብላ ነው። እኔ የምጠጣው በዓመት አንዴ ነው፣ እሱንም ስኳር ጨምሬ። ግን ለመጀመሪያ ጊዜ እርዳታ ስለጠየቀችኝ አልተናገርኩም።

ዱጋል የሱቁ ባለቤት ነው። መነጽሩ እንደ ጠርሙስ ቂጥ ይወፍራል፣ ግን ከዘጠኝ መቶ ጠርሙስ የፈለግሽውን ዓይኑን ጨፍኖ ያወጣል።

"ለሄክተር?" አለ። "አይ ኔታ! ለጳጳሱ መስቀል ብትገዢ ይቀልሽ ነበር።"

"ለየት ያለ ነገር ስጠኝ።"

"ይሄ የጃፓን ነው።"

"እሳቸው ጋ አለ?"

ዱጋል ከገንዘብ መቀበያው ሥር አንድ ደብተር አወጣ። ሰው ሁሉ ለሄክተር ስጦታ ፍለጋ እሱ ጋ ስለሚመጣ የሄክተርን ብፌ በሙሉ ጽፎ ይዞታል። "አለው። የሕንዱም አለው። ይሄ ደግሞ ከአውስትራሊያ በታች ካለች ደሴት የመጣ ነው... አይ፣ እሱም አለው፣ የወንድሙ ልጅ አምጥቶለታል። ቆይ! ይሄ የለውም። ዓሣ ታሽጎበት በነበረ በርሜል ውስጥ የቆየ ዊስኪ ነው።"

ኔታ ወደ ኋላ አንድ እርምጃ ሄደች። "ዱጋል፣ እኔ እዚህ አገር የመጣሁት እኮ ከዓሣ ሸሽቼ ነው።"

"ሽታው ብዙም አይደለም።"

"አባቴም እንደዚያ ይሉ ነበር።"

ዱጋል ጭንቅላቱን አከከ። በሩን አየ፣ ማንም የለም። ከዚያ ከአንገቱ ቁልፍ አወጣና ጥግ ያለውን የመስታወት ሣጥን ከፈተ። አንድ ጠርሙስ ብቻ ነው ያለበት።

"ይቺ" አለ፣ ድምፁን ዝቅ አድርጎ፣ "በዓለም ላይ ሁለተኛ የላትም። ሄክተር ቅዳሜ ቅዳሜ ከሰዓት እየመጣ አፍንጫውን መስታወቱ ላይ ለጥፎ ያያታል። ልሸጥለት ስል፣ 'ሚስቴ ትገድለኛለች' ይላል። ይቺን ከወሰድሽለት ሠርጉን በውሃም ብታደርጊው ይመጣል።"

እኔና ኔታ ጠጋ ብለን አየን። የኔታ ክርን ጎኔን ወጋኝ። ሌብሉ ተገልብጧል። ጽሑፉ ራሱ በቁሙ ተዘቅዝቋል፣ የላዩ ታች፣ የታቹ ላይ። ይባስ ብሎ የእኛ ፋብሪካ ሥራ ነው። እኔም ኔታም ከመግባታችን በፊት የወጣ የዱሮ ሌብል መሆን አለበት፣ ግን የራስን ቤት ሌብል ማን ይሳሳተዋል?

ዋጋውን ሲነግረን እኔን ሳል ያዘኝ። ኔታ ለአዲስ ልብስ ማጠቢያ ማሽን ያስቀመጠችው ብር ነው፣ ልክ እሱን ያህል። ምንም ሳትጠይቅ ከፈለች። ዊስኪ ስለማትጠጣ ጥያቄ ብትጠይቅ መሃይም የምትመስል ይመስላታል። እኔም እንደዚያው። ዱጋል በስስ ወረቀት ጠቀለለና እንደ ሕፃን አቀፋት።

መንገድ ላይ ወጣን።

"አየሽው?" አለች።

"አየሁት።"

"የእኛ ነው።"

"አዎ፣ የእኛ ነው።"

"ምስኪን ዱጋል፣ ዓይኑ ጨርሶ ደክሟል ማለት ነው። ልነግረው ነበር እኮ፣ ያፍራል ብዬ ነው የተውኩት። እንዲህ ያለ የከበረ ዊስኪ ይዞ፣ ሌብሉ ተዘቅዝቆ፣ ሳያየው!"

"ሄክተርስ ቅዳሜ ቅዳሜ ሲያዩት?"

"ሽማግሌ አይደሉም እንዴ! ውስጡን ነው የሚያዩት።"

አሁን ሲታሰብ ያስቃል። ግን እኛ ሥራ ላይ የተገለበጠ ሌብል ማለት ነውር ነው። ደወል ይደወላል፣ መስመሩ ይቆማል፣ ጠርሙሱ ተመልሶ ይታጠባል፣ ጥፋተኛው እስከ ገና ይሾፍበታል። ያ ጠርሙስ ከእኛ ቤት አምልጦ የወጣ ነውር ነው ብለን ነው የወሰድነው። ኔታ ደግሞ እንኳን ለልጇ አማት፣ ለጠላቷም ዘንበል ያለ ነገር አትሰጥም።

ከሰዓት በኋላ የኔታ ወጥ ቤት ገባን። ውሃ አፈላን። ማንቆርቆሪያውን የያዝኩት እኔ ነኝ። ይህንን መደበቅ አልፈልግም፣ በኋላ ሰው ሁሉ ኔታ ኔታ ሲል እኔ ዝም ብያለሁና። እንፋሎቱን በሌብሉ ጠርዝ ላይ ለቀቅኩት፣ እሷ በስስ ቢላዋ ከጥግ ጀመረች። ትንፋሿን ይዛ ነበር። የዱሮ ሙጫ ግትር ነው። አርባ ደቂቃ ፈጀብን፣ ግን ወረቀቱ አንድም ቦታ ሳይቀደድ እንደ ቅጠል ወጣ። ከዱቄት ሙጫ ሠራች፣ አቃንታ ለጠፈችው፣ በመሃረብ ጠረገችው። ከዚያ ሁለት እርምጃ ወደ ኋላ ሄዳ አየችው።

እግዚአብሔር ያያል፣ እንደዚያ ያለ ሥራ አይቼ አላውቅም። ከፋብሪካ ዛሬ የወጣ ይመስላል።

"አሁን ስጦታ ሆነ" አለች።

በማግስቱ እሁድ ስለሆነ ኔታ ሰው ቤት አትሄድም። ሰኞ ከሥራ በኋላ ልንሄድ ሆነ። እስከዚያ ድረስ ግን ዱጋል ለሚስቱ ነግሮ፣ ሚስቱ ለከተማው ነግራ ነበር። ሰኞ ጠዋት ፋብሪካው ውስጥ የማናውቀው ሰው ሁሉ ይጠቅሰናል። አንዱ የዕቃ ማንሻ መኪና ነጂ አጠገባችን ቆሞ፣ "ኔታ! ያቺን ጠርሙስ ገዛሽ አሉ? ሄክተር እኮ ከቅዳሜ ጀምሮ ምግብ አልበላም!" አለ። ኔታ ቀላች። በደስታ ነው የቀላችው።

ሄክተር በር ላይ ክራባት አስረው ጠበቁን። በዘመናቸው ለልጃቸው ጥምቀትና ለጡረታቸው ነው ያሰሩት ይባላል። ሳሎን ስንገባ ብፌው መሀል ላይ ያለው መደርደሪያ ባዶ ተደርጓል፣ ትንሽ መብራትም ገብቶለታል። ሾናና ሮሪ ሶፋው ላይ እጅ ለእጅ ተያይዘው ተቀምጠዋል፣ ፈተና ውጤት እንደሚጠብቅ ልጅ። ኤፊ የቅቤ ብስኩት አቀረቡ።

"ግቢ ግቢ፣ ወይዘሮ ስሊተር" አሉ ሄክተር። "ባትቸገሪ ጥሩ ነበር።" ዓይናቸው ግን ከጥቅሉ ላይ አልተነሣም።

"አቶ ስትሮናክ" አለች ኔታ፣ ሌሊቱን ሙሉ ያጠናችውን ንግግር ጀመረች። "እኔ ከጠረፍ ብመጣም የእርስዎን ሥራ..."

"አዎ አዎ፣ ልክ ነሽ" አሉና ጥቅሉን ከእጇ ወሰዱ።

ወረቀቱን ቀስ ብለው ገለጡ። ጠርሙሱን ወደ ብርሃኑ አነሡ። መነጽራቸውን አወለቁ፣ ጠረጉ፣ መልሰው አደረጉ። ጠርሙሱን ዘቀዘቁት፣ አዩት፣ እንደገና አቃኑት።

"ይቺ..." አሉ። "ይቺ ዱጋል ጋ የነበረችው ናት?"

"ራሷ ናት።"

"ሌብሏ ቀጥ ብሏል።"

"አዎ!" አለች ኔታ፣ ፊቷ በርቶ። "ተገልብጦ ነበር፣ አላዩትም ይሆናል። አርባ ደቂቃ ፈጅቶብኝ እኔ ነኝ ያቃናሁት። ይንኩት፣ አንድ እጥፋት አያገኙበትም።"

ሄክተር ተቀመጡ። ሮሪ ፊቱን በሁለት እጁ ሸፈነ።

"ኔታ" አለ ሮሪ በጣቶቹ መሀል። "ጠርሙሷ ልዩ የሆነችው እኮ ሌብሏ ስለተገለበጠ ነው።"

"እንዴት ማለት?"

"ሌብሉ ተገልብጦ የተለጠፈ ቀን ስህተቱን አይተው ጠርሙሶቹን ሁሉ ሰበሰቡ። አንዷ ብቻ አመለጠች። ለዚህ ነው ሁለተኛ የላትም የሚባለው። ውስጧ ያለው ተራ ዊስኪ ነው። ሱፐርማርኬት አለ።"

"የቱ ሱፐርማርኬት?" አለች ኔታ።

"ሁሉም ጋ።"

እኔ ብስኩት አፌ ውስጥ ነበር። መዋጥም መትፋትም አቃተኝ። ኔታ ቀስ ብላ ተነሣች። ካፖርቷን ፈለገች። የልብስ ማጠቢያዋን አልነበረም የምታስበው። ሾናን ነበር የምታየው። ሾና ማልቀስ ጀምራለች።

ያኔ ነው ኤፊ የሳቁት። በመጀመሪያ የታነቁ መስሎን ነበር። ከዚያ ወንበሩን ይዘው፣ ዓይናቸውን በሽርጣቸው እየጠረጉ፣ ቤቱ እስኪናጋ ሳቁ።

"ምን ያስቅሻል አንቺ?" አሉ ሄክተር።

"አንተ ሰውዬ! ይሄን ሁሉ ዓመት 'የሚጠጣ አይደለም፣ የሚቀመጥ ነው' ስትለኝ፣ ስልሳ ሦስት ጠርሙስ አቧራ ሳራግፍ ኖርኩ። አንዷን እንኳ ሳልቀምስ ልሞት ነው ብዬ ነበር። ይቺ ልጅ መጥታ አርባ ደቂቃ ውስጥ የሚቀመጠውን የሚጠጣ አደረገችው!" ወደ ኔታ ዞሩ። "ተቀመጪ ልጄ። ካፖርትሽን አውልቂ። ሮሪ፣ ብርጭቆ!"

"ኤፊ..."

"ምን ኤፊ ኤፊ ትላለህ? አሁን ተራ ዊስኪ አይደለችም እንዴ? ተራ ዊስኪ ምን ይደረጋል?"

ሄክተር ጠርሙሷን ያዙ። ቡሹን ሲነቅሉ ድምፁ እንግዳ ሆነባቸው መሰለኝ፣ ደነገጡ። በዚያ ቤት ስጦታ ሲከፈት የመጀመሪያው ነው። ቀዱ። አፍንጫቸውን ብርጭቆው ውስጥ ከተቱና ዓይናቸውን ጨፈኑ።

"አራት ቁጥር መጋዘን" አሉ በመጨረሻ።

"ምን?"

"የእኔ መጋዘን ናት። ወንዙ በኩል ያለው እርጥብ ግድግዳ ጋ የቆየች። እነዚህን በርሜሎች ያንከባለልኩት እኔ ነኝ። አንዱ እግሬ ላይ ወጥቶ ጥፍሬን ወስዶታል።" ጠጡ። "ጡረታ ከወጣሁ ወዲህ አልቀመስኳትም። የሱፐርማርኬቱ የታችኛው መደርደሪያ ላይ አትገኝም፣ ከላይ ነው የሚያስቀምጧት።"

"እና?" አሉ ኤፊ።

"መጥፎ አይደለም።"

እኛ አገር "መጥፎ አይደለም" ከተባልክ ቤትህ ሄደህ ለሚስትህ ትናገራለህ። ከዚያ በላይ ምስጋና የለም። ኤፊ የራሳቸውን ብርጭቆ ለሁለተኛ ጊዜ አቀረቡ።

ሄክተር ለኔታም ቀድተው ሰጧት። ኔታ አየችው፣ ልጇን አየች፣ አባቷን አሰበች መሰለኝ። ከዚያ ብርጭቆውን ወደ አፍንጫዋ ብቻ አስጠጋች።

"እ?" አሉ ሄክተር። በሙያ ጉዳይ እንደሚጠይቅ ሰው ነው የጠየቋት። "ምን ይሸትሻል?"

"ሥራ ቦታ" አለች ኔታ። "ሰኞ ጠዋት።"

ሄክተር ሳቁ። ሲስቁ አይቼ ስለማላውቅ ጥርስ እንዳላቸው ያወቅሁት ያን ቀን ነው። ኔታ ግን አልሳቀችም። ብርጭቆውን አስቀምጣ የመጣችበትን ነገር አነሣች።

"አቶ ስትሮናክ፣ ጠርሙሱን አበላሽቼብዎታለሁ። ሠርጉ አሁንም በሻይ ነው። ይህን ላቃናው አልችልም። ግን ይምጡልን። ልጄ እያለቀሰች ነው።"

ሄክተር ብርጭቆአቸውን አዞሩት፣ አዞሩት።

"ሻዩን ማነው የሚያፈላው?" አሉ።

"እናቴ ናቸው።"

"ስንት ደቂቃ ያቆዩታል?"

"እንጃ። ጥቁር እስኪሆን። ማንኪያ ያቆማል።"

"እድሜያቸውስ?"

"ዘጠና አንድ።"

ሄክተር ቅንድባቸውን አነሡ። ወደ ብፌው ዞረው ጠርሙሶቹን ከዳር እስከ ዳር አዩ። "እዚህ ውስጥ ያለው ትልቁ አርባ ዓመቱ ነው" አሉ። "ዘጠና አንድ ዓመት የቆየ ነገር አለ እየተባልኩ አልቀምስም ብል፣ ኔታ፣ ሰው ምን ይለኛል?"

ስሟን ብቻ ሲጠሯት የመጀመሪያቸው ነበር። ሾና ተነሥታ አንገታቸው ላይ ተጠመጠመች፣ እሳቸውም ብርጭቆው እንዳይፈስ ክንዳቸውን ወደ ላይ አድርገው ቆሙ።

በሠርጉ ቀን የኔታ እናት በር ላይ የሄክተርን ኪስ ፈተሹ። ሄክተር እጃቸውን ወደ ላይ አንሥተው ተፈተሹ፣ ምንም አልተገኘም። ከዚያ የሻይ ስኒ ይዘው ጥግ ላይ ተቀመጡና አፍንጫቸውን ስኒው ውስጥ ከተቱ። የፖርትስኬር ሰው ሁሉ ያያቸዋል። ሰባት ስኒ ጠጡ። ሲወጡ ለአሮጊቷ፣ "መጥፎ አይደለም" አሏቸው። አሮጊቷ የጠረፍ ሰው ስለሆኑ ተቆጡ፣ "መጥፎ አይደለም? ሰባት ስኒ ጠጥቶ!" ብለው እስከ አሁን ይናገራሉ።

ያቺ ጠርሙስ በሳምንት ውስጥ ባዶ ሆነች። የጨረሷት ኤፊ ናቸው አሉ። ሄክተር ግን አልጣሏትም። ብፌው መሀል፣ ትንሿ መብራት ሥር፣ አንገቷን ሰፊ ብርጭቆ ውስጥ አስገብተው ዘቅዝቀው አቆሟት። እንዲያ ስትቆም ሌብሏ ተገልብጦ ይታያል፣ ልክ እንደ ዱሮው።

ኔታ እሳቸው ቤት በሄደች ቁጥር አይታ መታገስ አትችልም። ሄክተር ሻይ ለማፍላት ጓዳ ሲገቡ አሁን የማይቆለፈውን ብፌ ከፍታ ጠርሙሷን ታቃናታለች። እሷ ስትወጣ ደግሞ እሳቸው መልሰው ይዘቀዝቋታል። ሁለቱም ስለዚህ ነገር አንድ ቃል ተነጋግረው አያውቁም።